ዳገት ላይ ያልበራው የፍሬን መብራት

ሐጂ ዑመር ሳይክል ቤት በተቀጠርኩበት በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ ፒንሳም ካቻቢቴም አልነበረም፤ ውሃ የሞላ ሳህን ነበር።

«የጎማውን ካላማዳሪ ከውስጥ አውጥተህ ንፋና እዚህ ንከረው፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው» አሉኝ ሐጂ። «ሳልፈቅድልህ ግን ፍሬን እንዳትነካ። ወላሂ፣ ጎማ ቢተነፍስ ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ ፍሬን ቢበጠስ በቃሬዛ ነው የሚሄደው።»

ሱቁ ከከተማው ግንብ፣ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ነበር። የራሱ ማዕረግ ነበረው፤ መጀመሪያ ጎማ ለጣፊ፣ ቀጥሎ ቸርኬ አቅኚ፣ ከሁሉ በላይ ፍሬን ሠሪ። እኔ ለፍሬን እስክበቃ ድረስ ጢም አወጣሁ።

ፍሬን ሠሪ በሆንኩ ሰሞን ድሬሰር ታደሰ የተጣመመ ሳይክሉን እየገፋ፣ እያነከሰ መጣ። ታደሰ ሆስፒታል መርፌ የሚወጋ ጨዋ ልጅ ነው። ያስመታውም ጨዋነቱ ነው። መንገድ ላይ ሽማግሌ ባየ ቁጥር ፍሬን ይይዛል፣ ባርኔጣውን ያነሳል፣ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። ያን ዕለት ከኋላው ይመጣ የነበረው ጋሪ ይህን ሁሉ ትሕትና አልጠበቀም።

«ፍሬን ስይዝ ከኋላዬ የሚበራ መብራት ግጠምልኝ፤ መኪና አለው አይደል?» አለኝ።

«ሰላምታውን ብትቀንሰውስ?»

«አሳዳጊ የበደለው ልታሰኘኝ ነው?»

ሁለት የመዳብ ቁራጭ አዘጋጀሁ። አንዱን የፍሬኑ ዘንግ ላይ፣ ሌላውን ከበላዩ ሳይክሉ ላይ አሰርኩ፤ ብረቱን እንዳይነኩ ከሥራቸው የካላማዳሪ ቁራጭ አደረግሁ። ፍሬኑ ሲያዝ ዘንጉ ወደ ላይ ይሳባል፣ መዳቦቹ ይገናኛሉ፣ ከኮርቻው ሥር ያለው ባትሪ ድንጋይ የኋላው ጎማ ፓራፋንጎ ላይ ያለችውን አምፖል ያበራታል። ቀይ መስታወት ስላላገኘሁ አምፖሏን በቀይ የከረሜላ ወረቀት ሸፈንኳት።

ሐጂ ፍሬኑን ደጋግመው ጨበጡና «ማሻአላህ» አሉ። ይህ ቃል ለእኔ ሥራ ከአፋቸው ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ከደስታ ብዛት ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

ጋሪ ዳግመኛ አልመታውም። የመጣው ሌላ ጣጣ ነው። ታደሰ እጅ ነስቶ ሲያልፍ ከኋላው ቀይ መብራት ቦግ ሲል ያዩ ሽማግሌዎች፣ መብራቱ የክብር መሰላቸው። «ለእኔማ ሁለት ጊዜ አበራልኝ» እያለ የሚኩራራም አልጠፋ።

ታደሰ ደግሞ የባላምባራስ ይልማን ልጅ አስናቀችን ይወዳል። ማታ ከሥራ ሲመለስ መንገዱ መጀመሪያ ቁልቁለት ነው፤ እዚያ አንድ ግራዝማች ደጃቸው ላይ ይቀመጣሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ዳገት ነው፤ ዳገቱ አናት ላይ ባላምባራስ ተቀምጠው ወደ ታች ያያሉ፤ መንገዱ ጠማማ ስለሆነ የሳይክሉ ኋላ ሳይቀር ይታያቸዋል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይያዛል፣ መብራቱ ይበራል። ዳገት ላይ ማን ፍሬን ይይዛል? ታደሰ እያለከለከ ባርኔጣውን ብቻ አንስቶ ያልፋል።

ልጅቷን ለመጠየቅ ከተላኩት ሽማግሌዎች አንዱ ሐጂ ነበሩ። ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ።

«ባላምባራስ ‹ለግራዝማች በየማታው ያበራል፤ እኔ ደጅ ሲደርስ ያጠፋል። እንግዲህ የሚያበራላቸው ሰው ልጃቸውን ይስጡት› አሉ።»

ግራዝማች ያሏቸው ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው።

«የፍሬን መብራት መሆኑን አልነገሯቸውም?» አልኩ።

«ነገርኳቸው! ‹ለግራዝማች ሲሆን ፍሬን አለው፣ ለእኔ ሲሆን ፍሬን የለውም?› አሉኝ። ስማ! ልጁን ያስከለከልከው አንተ ነህ። ይህን ካላቃናህ ወደ ሳህንህ ትመለሳለህ።»

ፍሬን ሳይያዝ በአውራ ጣት የምትጫን ማብሪያ ነገ ልሥራልህ ብዬ ታደሰን ብለምነው አሻፈረኝ አለ። ሌላ ሰውም ለአስናቀች ሽማግሌ ሊልክ ነው መባሉን ሰምቷል።

«ዛሬውኑ ዳገቱ ላይ ፍሬን እይዛለሁ» አለ።

«ዳገት ላይ ፍሬን የያዘ ሳይክል ይወድቃል እኮ!»

«ቶሎ እለቀዋለሁ።»

እየሮጥኩ ተከተልኩት። ባላምባራስ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ታደሰ ፊታቸው ሲደርስ በአንድ እጁ ባርኔጣውን አነሳ፣ በሌላው ፍሬኑን ጨመቀ። መብራቱ ቦግ አለ። ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ከነታደሰ ባላምባራስ እግር ሥር ተዘረረ። የፍሬኑ እጀታ ከሥሩ ተጣሞ ስለተያዘ መብራቱ አልጠፋም።

እኔ ሳህኑ ታየኝ።

ባላምባራስ ብድግ ብለው ጎንበስ አሉ። «ተነስ ልጄ፣ ተነስ! ይህን ያህል እንኳ አልጠየቅኩም!» ክንዱን ይዘው አነሱት፤ አቧራውንም በጋቢያቸው ጫፍ አራገፉለት። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ግራዝማች ቤት እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለሳቸው ወድቀህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በጭራሽ፣ ጌታዬ።»

«በል፣ ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ።»

ሠርጉ ላይ ሐጂ ከፊት ተቀመጡ፤ እኔም ወደ ሳህኑ ሳልመለስ ከብዙ ዓመት በኋላ ጡረታ ወጣሁ።

መብራት ከመግጠም በፊት የደንበኛውን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። ከታደሰ ወዲህ ወንደላጤ ሆኖ የፍሬን መብራት የጠየቀኝን ሁሉ፣ ፒንሳዬን ከማንሳቴ በፊት የልጅቷ አባት ቤት ዳገት ላይ መሆን አለመሆኑን እጠይቀው ነበር።