ለቦጋለ ባቡር የተገኘው ማኖሜትር

ቦጋለ ገሠሠ ባቡሩን የሚሠራው መካኒሳ በሚገኘው ግቢው፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበር። ርዝመቱ አልጋ ያህላል፤ ከፍታው ወገብ ይደርሳል። መጫወቻ አይደለም። ከሰል ነድዶበት፣ ውኃ ፈልቶበት፣ ሰው ጭኖ በሐዲድ ላይ እንዲሄድ የታሰበ የእንፋሎት ባቡር ነው። ቦጋለ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ድሬዳዋ በባቡር ጥገና ሠርቷል። በወጣትነቱ የጠገናቸው የእንፋሎት ባቡሮች በናፍጣ ተተክተው ሲቆራረጡ አይቷል። ከእነዚያ አንዱን አሳንሶ ሠርቶ በራሱ እንፋሎት ሲሄድ ማየት ፈለገ። ሌላ ምኞት አልነበረውም።

ችግሩ ዕቃ ማግኘት ነበር። ሽክርክሪቶቹን ከፈረሰ ወፍጮ ቤት አመጣ። ውኃ የሚፈላበትን የቦይለሩን በርሜል ከወፍራም የውኃ ቧንቧ ቁራጭ በየደ። የመዳብ ቱቦዎቹን ምናለሽ ተራ ብረት የሚነግደው ጎረቤቱ ከድር ፈልጎ አመጣለት። የጠፋው ማኖሜትሩ ነው፤ የእንፋሎቱን ግፊት የሚያሳየው ባለ መርፌ ሰዓት። ያለ እሱ እሳት አይነድም። ድሬዳዋ ሳለ ግፊቱ ያልታወቀ ቦይለር ሲፈነዳ፣ የሰው ቆዳ ከግድግዳ ላይ ሲለቀም አይቷል።

«የመኪና ጎማ መለኪያው አይሆንዎትም?» አለው ከድር።

«እሱ የነፋስ ነው። እንፋሎት ያበላሸዋል።»

«ጋሽ ቦጋለ፣ ሚስት ሲያገቡም እንዲህ ነው የመረጡት?»

ቦጋለ ስሕተት የሠራው በቀበሌው የውይይት ክበብ ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ደርሷል፤ እያንዳንዱ ሰው ተነሥቶ ለበዓሉ ምን እንደሚያበረክት ይናገራል። ዝም ማለት አይቻልም። ቦጋለ ተራው ሲደርስ የሚለው ጠፋው።

«ባቡር እየሠራሁ ነው፤ ማኖሜትር ጎደለኝ እንጂ» አለና ተቀመጠ። አዳራሹ አጨበጨበ።

በማግስቱ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ በየመንደሩ ዞረ። እያንዳንዱ ቤት ለባቡሩ ብረት እንዲያዋጣ ታዘዘ። አሮጌ ዕቃ ያመጣ አብዮቱን ናቀ እንዳይባል፣ ሰው ሁሉ ደህና ደህናውን አመጣ። የነሐስ ሙቀጫ፣ ደህና የሚነድ ቡታጋዝ፣ የአልጋ ራስጌ። አንዱ የሚተዳደርበትን የስፌት መኪና እግር ፈትቶ አመጣ። ለባቡሩ የሚሆን አንድም አልነበረም። ቦጋለ ሙቀጫውን ተሸክሞ ላመጣችው ጎረቤት ሊመልስ ሄደ።

«የእኔ አይደለም» አለች ውብነሽ ከበሩ ሳትወጣ።

«ሲያመጡት አይቼዎታለሁ እኮ።»

«አዋጥቻለሁ አዋጥቻለሁ ነው! ሰጥታ መልሳ ወሰደች ሊያስብሉኝ ነው? ይሂዱልኝ በሞቴ!»

ሌላውም ቤት እንደዚያው። ክምሩ ግቢው ውስጥ ዝናብ እየመታው መዛግ ጀመረ።

ማኖሜትሩን ያመጣው የቀበሌው ሊቀ መንበር ወጋየሁ ራሱ ነው። በዕድሜው የቦጋለ ልጅ ሊሆን የሚችል፣ ካኪው የተተኮሰ፣ ትልቅ ሰውን «አንተ» የሚል ሰው ነበር።

«እንካ ጓድ ቦጋለ። ከእንግዲህ ምክንያት የለህም።»

ቦጋለ ከነሐስ አንገቱ ላይ ያለውን የመጠምዘዣ ጥርስ በጣቱ ዳሰሰ። የእንፋሎት ነው። ቦይለሩ ላይ ጠምዝዞ አሰረው፤ ልክክ አለ። አፍንጫው ሥር የአልኮል ሽታ መጣበት። ያን ቀን ከየት እንደመጣ አልጠየቀም።

ነገሩን የነገረችው ትሩፋት ናት፤ የሰፈሩ ክሊኒክ ነርስ። ዕቃዬን መልሱልኝ ብሎ የመጣ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች ግቢው ገባችና ወደ ባቡሩ ጣቷን ቀሰረች።

«ጋሽ ቦጋለ፣ ያ የእኔ ነው።»

«የምን?»

«የመርፌ መቀቀያዬ ነው። ካድሬዎቹ ፈትተውት ሄዱ። ያለ እሱ መቀቀያው አይዘጋም፤ እንፋሎቱ በቀዳዳው ይወጣል። መርፌውን በወጥ ድስት እያፈላሁ ነው። አንዱ ሕፃን የተወጋበት ቦታ መግል ቋጥሯል። ትናንት እብጠቱን ስከፍተው ክፍሉ በሙሉ ሸተተ። ይምጡና ያሽትቱ!»

ቦጋለ አልሄደም። መፍቻውን አንሥቶ ማኖሜትሩን ነቀለና በእጇ አስያዛት። ከዚያ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወጣ።

«መለስከው?» አለ ወጋየሁ።

«የክሊኒኩ ነው። ልጆቹ እየመገሉ ነው።»

«መርፌ በድስትም ይፈላል። ባቡር በድስት ይፈላል?»

«ያለ እሱ እሳት አላነድም። ባቡሩ አይሄድም።»

ወጋየሁ ሳቀ። «ማን ይሂድ አለህ? ይጭስ!»

በበዓሉ ቀን ባቡሩን ቀይ ቀለም ቀብተው በጋሪ ላይ ጫኑት። ቦጋለን ቀይ ቆብ አልብሰው ላዩ ላይ አስቀመጡት። እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል ያውቃል፤ ተቀመጠ። ጎረምሶች በገመድ ጎተቱ። እሳት ማንደጃው ውስጥ የተከተፈ የመኪና ጎማ ከተቱና ለኮሱ። የእንፋሎት ባቡር ትንፋሽ ነጭ ነው። ከዚህኛው ጭስ ማውጫ ግን ጥቁር፣ ቅባት ያለው፣ ልብስ ላይ የሚለጠፍ ጭስ ወጣ። ሰዉ እየሳለ አጨበጨበ። ውብነሽ ከሁሉ አብልጣ እልል አለች።

«ይኸው ሄደ!» አለ ወጋየሁ በድምፅ ማጉያው።

ማታውኑ ወጋየሁ ስለ ባቡሩ ረሳ። ጎረምሶቹ ግቢው ውስጥ ጥለውት ሄዱ። በማግስቱ ቦጋለ የእሳት ማንደጃውን ከፈተ። የቀለጠው ጎማ በመዳብ ቱቦዎቹ ውስጥ ወርዶ እንደ ሬንጅ ደርቋል። በቢላ ፋቀው፤ ቢላው ተጣበቀ።

«ይጸዳል?» አለ ከድር አጥሩን ተደግፎ።

«አይጸዳም።»

«ሌሎች ቱቦዎች እፈልግልዎታለሁ።»

«ተወው። ውሰደው።»

«ባቡሩን?»

«ብረቱን። ቀዩን ቆብም ጨምረህ።»

ከድር በሳምንቱ ጋሪ ይዞ መጣና ጫነው። የተዋጣው ዕቃ ክምር ግን ግቢው ውስጥ ቀረ፤ የእኔ ነው የሚል ሰው አልመጣም።

ከዚያ በኋላ አንድ የክትባት ቀን ቦጋለ በክሊኒኩ አጥር ሥር ሲያልፍ ከውስጥ የእንፋሎት ፉጨት ሰማ። የትሩፋት መቀቀያ ነበር። ድምፁ ንጹሕ ነው፤ ግፊቱም ልክ ነው። ቦጋለ አልቆመም። የጎማው ሽታ ከጉሮሮው ገና አልለቀቀም ነበር፤ እንትፍ አለና መንገዱን ቀጠለ።