ላስቲክ የለበሰው ዶሮ ቤት

ሮስኮ ቶሊቨር በመስከረም መጨረሻ ሲሞት ለሚስቱ ለአርዜላ የተወላት ቤቱን፣ አንድ አሮጌ ፒክአፕ መኪናና አሥራ አራት ሴት ዶሮዎችን ከአንድ አውራ ዶሮ ጋር ነበር። ቤቱን ታውቀዋለች። መኪናውን ለወንድሙ ልጅ ሰጠች። ዶሮዎቹን ግን ምን እንደምታደርጋቸው ግራ ገባት። ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስታበስል የኖረች ሴት ናት፤ ለእሷ ዶሮ ማለት ተገነጣጥሎ በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ ነገር ነው። ጓሮው የሮስኮ አገር ነበር። በትዳር በኖሩበት አርባ አንድ ዓመት በጓሮው መግቢያ ከቆመው የፒካን ዛፍ ወዲያ የተሻገረችው በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

የቤተ ክርስቲያን እህቶች «እኛ እንውሰድልሽ» ብለዋት ነበር። እምቢ አለች። ምክንያቱ ለራሷም በደንብ አልገባትም። ከቀብር መልስ፣ ሰዉ በልቶ ከተበተነ በኋላ ወደ ጓሮ ወጥታ ስታይ ዶሮዎቹ ሽቦው ሥር ተደርድረው የወጥ ቤቱን በር ትክ ብለው ያያሉ። በዚያ በር ሁልጊዜ የሚወጣው ሮስኮ ነበር።

«እንግዲህ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ቻሉኝ» አለቻቸው።

በደቡብ አላባማ ብርድ እንደ እንግዳ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን አድሮ ይሄዳል። ኅዳር ተጋምሶም ሰው በሸሚዝ ይውል ነበር፤ የአርዜላ ጎመንም ገና ቅጠሉን እየዘረጋ ያድጋል። እንቁላሉ ግን መንጠፍ ጀመረ። በቀን ዘጠኝ የነበረው ወደ አራት፣ ከዚያ ወደ አንድ ወረደ፤ በመጨረሻም ጎጆው ባዶ ሆነ። ላባቸውም ይረግፍ ጀመር። በየማለዳው ዶሮ ቤቱ ትራስ የተቀደደበት መኝታ ቤት ይመስላል። አንዷማ ጀርባዋ ተገልጦ ቆዳዋ ይታይ ነበር።

አርዜላ ሐዘን ነው ብላ ደመደመች። እሷ በቀብሩ ዕለት እንባ እምቢ ብሏት ነበር፤ እስከዚያ ቀንም አልመጣላትም። «እናንተ ትሻላላችሁ፤ ማዘን ታውቁበታላችሁ» እያለች በቆሎውን ትበትንላቸዋለች። ነገሩ ያሳፍራት ነበር፤ ደግሞም ያጽናናታል።

ዶሮ የሚያውቅ ሰው ሩቅ አልነበረም። ከአጥሩ ወዲያ ኢሳም ግሪምስ የሚባል ጡረተኛ አናጢ ይኖራል፤ እሱም ዶሮ አርቢ ነው። ግን ሮስኮና ኢሳም ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። የኢሳም ውሻ ገብቶ ሰባት ዶሮ ጨረሰ። ሮስኮ «ውሻው ይገደል» አለ፤ ኢሳም «አይሆንም» አለ፤ ቃል ቃልን ወለደና ሮስኮ በሁለቱ ግቢ መካከል ከሰው ቁመት በላይ ቆርቆሮ አቆመ። ኢሳም ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሞ ነበር። ምግብ ሳይቀምስ ሄደ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ውርጭ ይመጣል አለ። ልጇ ዴልፊን ከሰሜኑ ብርድ አገር፣ ከዲትሮይት ደወለች።

«እማ፣ ዶሮዎቹን ሸፈንሽ?»

«ላባ አላቸው እኮ።»

«ላባቸው ረግፏል አላልሽኝም? እዚህ ሰው ሁሉ ያሽጋል። በኋላ ደርቀው ብታገኚያቸው እንዳታለቅሺ!»

አርዜላ ያንን ቀን ስትሠራ ዋለች። ከጣራው ሥር ሮስኮ ክፍት የተዋቸው ረጃጅም ክፍተቶች ነበሩ፤ ሽቦ ብቻ ነው ያለባቸው። «የጀመረውን መጨረስ የማያውቅ ሰው!» ብላ አጉረመረመችና በጣውላ ደፈነቻቸው። ከዚያ ዶሮ ቤቱን ከላይ እስከ ታች በወፍራም ላስቲክ ጠቀለለችው። ሲያልቅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። ለሮስኮ አንድ ነገር ያደረገችለት መሰላት።

ውርጩ ሁለት ቀን ቆይቶ ሄደ። ተከትሎት የመጣው ግን ለብ ያለ ዝናብና ጭጋግ ነበር፤ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ አልታየም። «ብርዱ ቢመለስስ?» ብላ ላስቲኩን አላወለቀችም። በአራተኛው ቀን በሩን ስትከፍት የኩሱ ሽታ ዓይኗን አቃጠላት። ከላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጭዱ ረጥቧል። ዶሮዎቹ ያስነጥሳሉ። በአምስተኛው ቀን አንዷ ከቆጡ ሥር ሞታ ተገኘች፤ በማግስቱ ደግሞ ያቺ ጀርባዋ የተገለጠው።

አርዜላ የሞተችውን ዶሮ በጋዜጣ ጠቀለለችና ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ያኔ መጣ፤ ከመስከረም ጀምሮ የቀረው ልቅሶ። ድምፅ አውጥታ፣ የሞተች ዶሮ ጭኗ ላይ ይዛ አለቀሰች።

ከቆርቆሮው ወዲያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሚስ አርዜላ።»

የኢሳም ድምፅ ነው። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ሚስ አርዜላ፣ ጣልቃ ገባህ አይበሉኝ። ዶሮዎቹን የሚገድልብዎት ያ ላስቲክ ነው።»

«ብርድ እንዳይገድላቸው እኮ ነው ያለበስኩት!»

«ብርዱን ይችሉታል። የማይችሉት እርጥበቱን ነው። ትንፋሻቸውም ኩሳቸውም ውሃ ነው፤ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ሳንባቸው ውስጥ ይገባል። ቢላ ይዤ ልምጣ?»

አርዜላ ቆርቆሮውን አየችው። እያንዳንዱን ምስማር ሮስኮ ሲመታ በወጥ ቤቱ መስኮት አይታዋለች።

«ሮስኮ ቢያይ ምን ይል ነበር?»

«ይሰድበኝ ነበር» አለ ኢሳም። ቆይቶም «እሱ ሲሰድብ ደግሞ ያምርበታል» አለ።

ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። «በፊት በር ዞረው ይምጡ» አለችው።

ኢሳም ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ቀደደው፤ የደፈነቻቸውን ጣውላዎች አንድ በአንድ ነቀለ። ከዚያ ሁለቱ ሆነው እርጥቡን ጭድ አወጡ፤ በምትኩ ደረቅ የጥድ ቅጠል አነጠፉ።

«ይሄ ከጣራው ሥር ያለው ክፍተት በስንፍና የቀረ አይደለም» አለ። «ነፋሱ ከቆጡ በላይ እንዲያልፍ ነው። ዶሮዋ ላይ አይመታም፣ እርጥበቱን ግን ጠራርጎ ይወስዳል። ሮስኮ በስንት ልኬት ነው የሠራው መሰለዎት?»

አርዜላ «መጨረስ የማያውቅ ሰው» ያለችው ትዝ አላትና ፊቷን አዞረች። «እንቁላሉስ? ከሐዘን የተነሣ አይደለም?»

«ምን ሐዘን?»

«ላባቸውን አራግፈው፣ እንቁላል መጣሉንም ትተው…»

ኢሳም ሊስቅ ከጀለውና ፊቷን አይቶ ተወው። «ሁልጊዜ በዚህ ወቅት ላባ ይቀይራሉ። ቀኑም ያጥራል። ብርሃን ሲረዝም ይመለሳል። የኔዎቹም እንዲሁ ናቸው፤ እኔ ደግሞ እንደሚያዩኝ አልሞትኩም።»

ይህ ሊያስደስታት ይገባ ነበር። ግን አንድ ነገር የተነጠቀች ያህል ተሰማት። ሮስኮን አብሯት የሚያስበው ሌላ ፍጡር አለ ብላ ለሳምንታት ኖራ ነበር። አሁን ያለችው ብቻዋን ነው። ኢሳም ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፤ ሥራውን አቁሞ ምሰሶው ላይ ተደገፈ።

«ውሻው የዊላዲን ነበር» አለ።

ዊላዲን ሟች ሚስቱ ናት።

«ያኔ በሽታው አልጋ ላይ ጥሏት ነበር። ውሻው ከእግሯ ሥር አይነሳም። ሮስኮ ይገደል ሲል እንዴት አድርጌ እሺ ልበል? እሷ በመጋቢት ሄደች። ውሻውም ብዙ አልቆየ።»

«ለምን ይህን አልነገሩትም?»

«ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።»

«ቢነግሩት ይጠይቅዎት ነበር!» አለች አርዜላ በቁጣ። «ሁለት ሽማግሌ! ዘጠኝ ዓመት!»

ኢሳም ባርኔጣውን በጣቶቹ እያዞረ መሬት መሬት አየ።

ያስነጥሱ ከነበሩት አንዷ በዚያው ሳምንት ሞተች። ሌሎቹ ዳኑ። በጥር እውነተኛው ውርጭ መጣ፤ ሦስት ቀን ቧንቧው ሁሉ በረዶ ሠርቶ ከረመ። አርዜላ ሲነጋጋ የሮስኮን ካፖርት ደርባ፣ የሚጠብቃትን እየፈራች በሩን ከፈተች። አሥራ አንዱም ከነአውራቸው ቆጡ ላይ እንደ ጥጥ ኳስ ተነፋፍተው፣ ከበላያቸው ነፋሱ እየተመላለሰ፣ «ምን ፈለግሽ?» በሚል ዓይን አዩዋት።

በየካቲት ኢሳም ሳል ያዘውና አልጋ ላይ ዋለ። ዶሮዎቹን የምታበላለት አርዜላ ሆነች፤ ወደ ግቢው ስትገባ ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ዶሮ ቤቱን ስታይ ቆም አለች። የጣራው ቁልቁለት፣ የቆጡ ከፍታ፣ ሁሉም ከሮስኮው ጋር አንድ ነው። በመካከላቸው ያ ሁሉ ቆርቆሮ ቆሞ፣ ጀርባ ለጀርባ። ማን ከማን እንደተማረ ልትጠይቀው አሰበችና ተወችው።

ሾርባውን ይዛ ስትገባ ኢሳም ትራሱ ላይ ቀና አለ።

«እንዴት ናቸው ልጆቼ?»

«ደህና ናቸው። የውሃ ዕቃቸው ግን አረንጓዴ አብቅሏል። እኔን ስለ ላስቲክ ሲያስተምሩኝ ይሄን አላዩትም?»

«ታምሜ ነው እኮ፣ ሚስ አርዜላ።»

«የአንድ ሳምንት አረንጓዴ አይደለም ያ» አለችና ማንኪያውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ሳይቀዘቅዝ ይጠጡ። ዕቃውን አጥቤዋለሁ።»