ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሚዛን ነው የሚሏት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ነው፤ ፍርዷ ከባልደረቦቿ ፍርድ ፈቀቅ አይልም ብሎ። ምስጋና መስሏት ተቀበለችው። ምስጋና ደግሞ ማን ይጠላል?

ሥራዋ ማየት ነው። ስሙ የገነነ አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ በየሱቁና በየቤቱ በር ላይ የሚሰቀል ካሜራ ይሸጣል። ካሜራው ሰውን መጠርጠር እንዲችል ታዲያ መጀመሪያ ሰው ሊያስተምረው ይገባል። እሷና መሰሎቿ መጋረጃው በማይገለጥ አዳራሽ ውስጥ ተደርድረው፣ አጫጭር ቪዲዮ እያዩ "ሰላማዊ" ወይም "አጠራጣሪ" የሚል ቁልፍ ይጫናሉ። "አላውቅም" የሚል ቁልፍም አለ፤ እሱን የሚያዘወትር ሰው ግን ወንበሩ ላይ ብዙ አይቆይም።

ነገሩ የሚበላሸው ዳኝነቱ ላይ ነው። አንዱን ቪዲዮ ሦስት ሰዎች በየፊናቸው ያዩታል። ሁለቱ የተስማሙበት እውነት ይሆናል፤ ያፈነገጠው ነጥብ ይቀነስበታል። እንዲህ ያለውን እውነት ፈጣሪ ይወቀው።

በገባች ሰሞን አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ይዘው የሱቅ ግድግዳ ተደግፈው ሲቆሙ አየች። የሷም አባት እንደዚያ ነው የሚያርፉት። ሳታመነታ "ሰላማዊ" አለች። ሌሎቹ ሁለቱ "አጠራጣሪ" ብለው ኖሯል። ነጥቧ ወረደና አለቃዋ ጠራት።

"መመሪያው 'ያለ ግልጽ ምክንያት በር አጠገብ የቆመ' ነው የሚለው" አላት።

"ጉልበታቸውን አሟቸው እኮ ነው። አባቴም…"

"ስለ አባትሽ ማን ጠየቀሽ? ከሌሎቹ ጋር ተስማሚ። በቃ።"

አጠገቧ የሚቀመጠው ባልደረባዋ፣ በአየር ማቀዝቀዣው ሰበብ አፍንጫው ደርቆ ስለማያውቅ ጉንፋን የሚሉት ሰውዬ፣ ሳቅ እያለ ሹክ አላት። "ለብቻ ከመጽደቅ ከሰው ጋር መኮነን ይሻላል፣ እህቴ። ቪዲዮውን ተይውና ሌሎቹ ምን ይላሉ ብለሽ ገምቺ።"

ገመተች። እሳት የላሰች ናትና ቶሎ ገባት። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ የተደገፈ ሽማግሌ፣ ቁልፍ የጠፋበት ተከራይ፣ ደጅ ቆማ ልጇን የምትጠብቅ እናት፣ አንዳቸውም ከእጇ አላመለጡም። መጀመሪያ ሰሞን ቁልፉን ከመጫኗ በፊት ቪዲዮውን ደግማ ታየው ነበር፤ በኋላ ያንንም ተወችው። ሚዛን የተባለችው ያኔ ነው።

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሐኪሙ መራመድ ካቆሙ ጉልበትዎ ይተሳሰራል ስላላቸው፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወዳጃቸው ጫማ ሠሪው ዘንድ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ የፋርማሲውን ግድግዳ ተደግፈው ያርፋሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከሰው የሚያገናኛቸው ይህችው መንገድ ናት። መንገዷ ከቀረች አባቷም ብዙ እንደማይቆዩ ልጃቸው ታውቃለች።

አንድ ቀን ፋርማሲው በር ላይ ነጭ ካሜራ ተሰቀለ። "ፎቶ የሚያነሱኝ መስሎኝ ጸጉሬን አበጠርኩ" ብለው አባቷ ቀለዱ፤ ባርኔጣቸው ሥር አንድም ጸጉር የለም። እሷ አልሳቀችም። ያንን ነጭ ካሜራ ታውቀዋለች።

ብዙም ሳይቆይ ፊታቸው ጠቁሮ ገቡ።

"የፋርማሲው ዘበኛ አባረረኝ" አሉ። "'አባት፣ እርስዎ እዚህ በቆሙ ቁጥር ማሽኑ ይጮህብኛል፤ ከደጋገመ ራሱ ነው ለፖሊስ የሚደውለው' አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ እያፈረ ነው የነገረኝ። ግን ልጄ፣ እኔ ምን አድርጌ ነው?"

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። በሷ ቁና የተሰፈሩት ግን አባቷ ናቸው። "ማሽን ይሳሳታል፣ አባዬ" አለች፣ ዓይናቸውን ሳታይ። እውነቱን ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

ማሽኑ አሁን አድጓል። መጀመሪያ ራሱ ይፈርድና ቪዲዮውን እንዲያረጋግጡለት ለሦስት ሰዎች ይልካል። ከሦስቱ ሁለቱ "ሰላማዊ" ካሉት፣ ያንን ሰው እዚያ በር ላይ ዳግመኛ አይጠረጥረውም። ስለዚህ አባቷ ስክሪኗ ላይ እንዲመጡ በልቧ ትለምናለች፤ እንዳይመጡም ትፈራለች።

መጡ፤ ዘበኛው ቢያባርራቸውም መንገዳቸውን አልተዉም ነበር፤ ቪዲዮው የትናንት ነው። የፋርማሲው ግድግዳ፣ ግራጫው ኮት፣ ጉልበት ላይ ያረፈው እጅ። በዙሪያቸው ቀይ ሳጥን፣ ከላዩ "አጠራጣሪ"። አባቷ ቀና ብለው ካሜራውን አዩትና፣ እንደሚያውቁት ሰው ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጡት።

"ሰላማዊ" የሚለውን ተጫነች። ከሁለቱ አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ ዓይኑን ከፍቶ ቢያይላት ሌላ ምንም አትፈልግም። ስክሪኑ መለሰ፦ ሁለት ለአንድ፣ አጠራጣሪ። መልስዎ ተቀባይነት አላገኘም።

ዞር ስትል ግራጫው ኮት ከጉንፋን ስክሪን ላይ ሲጠፋ አየች።

"ለምን አጠራጣሪ አልካቸው?"

"ማንን?"

"አሁን ያለፉትን ሽማግሌ።"

"እንጃ፣ ልብ ብዬም አላየኋቸው።" አፍንጫውን ጠረገ። "እኔ ሁሌም ሚዛን ብትሆን ምን ትል ነበር ብዬ ነው የምጫነው። እዚህ ያለው ሁሉ እንደዛ ነው የሚሠራው። እስካሁን ስተን አናውቅም።"

ወደ ስክሪኗ ዞረች፤ ቀጣዩ ቪዲዮ እየጠበቃት ነበር።

ቤት ስትገባ አባቷ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ባርኔጣው ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ጫማቸው አቧራ አልነካውም።

"ዛሬ አልወጣህም እንዴ፣ አባዬ?"

"አልወጣሁም።"

"ጉልበትህ አሞህ ነው?"

"ጉልበቴስ ደህና ነው። ግድግዳውን በተደገፍኩ ቁጥር ግን፣ እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ።" ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። "እስቲ መጋረጃውን ዝጊልኝ፣ ልጄ።"