በደንገል ታንኳ መሃል የተከፈተ ቀዳዳ

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ኮልፌ ውስጥ ሬዲዮ የምትጠግን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። "ሴት ልጅ ስለ ሬዲዮ ምን ታውቃለች?" ብሎ ዕቃውን ይዞ የሄደ ሁሉ ሌላ ቦታ አስበላሽቶ ወደ እኔው ይመለስ ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው፤ የሚያኮራ ነገር ስለሆነ።

አባባ ደግሞ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ኮልፌ ገበያ የነበራቸውን ሱቅ ዘግተው ወደ ሐይቁ የወረዱት እኛ ልጆቻቸው ራሳችንን ከቻልን በኋላ ነው። እማማ ኮልፌ ቀረች። በጾም ወቅት ዓሣው በአውቶቡስ ይመጣል፣ ቄሶቹ ቢከራከሩበትም ሰፈሩ ተሻምቶ ይገዛል፤ እሳቸው ለበዓል ብቅ ብለው ይመለሳሉ። እንዲህ ስንኖር መረባቸው ባዶውን መውጣት ጀመረ። ሰዉ "አረጁ፣ ቦታው ጠፋባቸው" ማለት አበዛ፤ ወሬው እሳቸውም ጆሮ ሳይደርስ አልቀረም። በቅበላ ሰሞን ቤት መጥተው፣ "በዚህ ሁዳዴም ካልቀናኝ ታንኳዬን ትቼ ጠቅልዬ እገባለሁ" አሉን።

እማማ በማግስቱ የጓሮውን ክፍል ኖራ ታስቀባ ጀመር። ከገበያም በርጩማ ገዝታ፣ ለእሳቸው መቀመጫ እንዲሆን በራፉ ላይ አኖረችው። እኔ ያንን በርጩማ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አባቴ እዚያ ላይ ተቀምጠው ገቢ ወጪውን ሲያዩ ሊውሉ ነው። አረጁ የሚለውንም ወሬ አላመንኩም ነበር።

ያን ሰሞን አንድ ፈረንጅ መምህር ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፣ ዕቃውን ይሸጣል ሲሉ ሰምቼ፣ ሬዲዮ ባገኝ ብዬ ቤቱ ሄድኩ። ጥግ ላይ ሁለት ያላየኋቸው ዓይነት መሣሪያዎች ተቀምጠዋል። ምንድን ናቸው ብዬ ስጠይቀው፣ ዓሣ መፈለጊያ ናቸው አለኝ። በእሱ አገር በብርድ ወራት ሐይቁ በረዶ ሆኖ ይጠጥራል፤ ሰዉ በረዶውን በስቶ በሽቦ የተንጠለጠለውን የመሣሪያውን ጆሮ በቀዳዳው ወደ ውኃው ያወርድና ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አላመንኩትም። ፎቶግራፍ አምጥቶ አሳየኝ፤ እውነትም አንድ ሰው ሐይቅ መሃል፣ ቀዳዳ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

አሠራሩ ግን ወዲያው ገባኝ። ጆሮው ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ዓሣ ወይም የሐይቁን ወለል ነክቶ ሲመለስ መሣሪያው ጥልቀቱን ያሳያል። አንደኛው በወረቀት ጥቅል ላይ እየሣለ ነው የሚያሳየው። ሲያዩት ያምራል፤ ወረቀቱ ሲያልቅ ግን ሌላ ከየት ይመጣል? ሁለተኛው ክብ ፊቱ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ያደርጋል፤ የሚፈልገውም ኮልፌ ማንኛውም ሱቅ የሚገኝ የባትሪ ድንጋይ ነው። ፈረንጁ የወረቀቱን አሞገሰልኝ፤ እኔ የመብራቱን ለአባባ ገዝቼ ወጣሁ። ዕቃ ስመርጥ መጀመሪያ የማስበው ሲበላሽ ምን እንደማደርገው ነው። ቤት ወስጄ ፈታታሁት፣ ዝገቱን ጠረግኩለት፣ በቁጥሮቹም ላይ አባባ በሚለኩበት በክንድ የተሰላ ወረቀት ለጠፍኩበት።

ዝዋይ ስደርስ አባባ መሣሪያውን አገላብጠው አዩትና፣ "ይኼ ደግሞ ዜና ያወራል?" አሉኝ። ታንኳቸው ከሐይቁ ዳር ደንገል ታስሮ የተሠራ ነበር። ሐይቁ መሃል ስንደርስ ጆሮውን ታንኳው ወለል ላይ አስቀመጥኩት፤ ደንገል ውስጡ አየር ስለሆነ ድምፁ አላልፍ አለ። በጎን ባንጠለጥለው ደግሞ መቅዘፊያው እየመታው ይወዛወዛል፣ መብራቱም ዝም ብሎ ይደንሳል። አባባ በእኔ ቦታ እሳቸው ማፈር ጀመሩ።

"ተይው ልጄ፣ ደክመሽልኛል" አሉኝ። ያኔ የፈረንጁ ፎቶግራፍ ትዝ አለኝ።

"አባባ፣ ታንኳውን እንብሳው።"

"አሞሻል እንዴ? ታንኳ ይበሳል?"

"የእንጨት ቢሆን አይበሳም። የደንገል ታንኳ ውኃ ቢገባውም አይሰምጥም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?"

አባባ ቢላዋቸውን መዘዙ። "ወዲያ በይ፣ አንቺ አታውቂበትም" አሉና ማሰሪያ ገመዱን ሳይነኩ ደንገሉን መሃል ለመሃል ከፈቱት። ውኃው በቀዳዳው ብቅ ብሎ ቆመ። ጆሮውን በዚያ ሳወርደው ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ፤ መብራቱም ረጋ።

አባባ ወደ ድሮው ቦታቸው ቀዘፉ። ሰው ሁሉ ጠፋባቸው ወዳለው ቦታ ማለት ነው። ላይ ላዩን ምንም የለም። ወደ ታች፣ ወለሉ አካባቢ ግን ቀይ መብራት ተደራርቦ በራ። የእሳቸው መረብ የሚንጠለጠለው ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ ነበር። "እዚያው ናቸው፤ ወደ ታች ወርደው ነው እንጂ" አልኳቸው። መቅዘፊያውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ "ቦታውን አልሳትኩም ማለት ነው" አሉ። እኔ እንባዬ መጣ። ያን ዕለት መረቡን ገመድ ቀጥለው፣ ድንጋይ ጨምረው ወደ ታች ለቀቁት። በማግስቱ ጠዋት ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ መረቡን አክብዶት ለሁለት እየጎተትን አወጣነው።

ዓሣውን ራሳቸው ይዘው ኮልፌ ገቡ። ጎረቤቱ ግቢውን ሞላው፤ አረጁ ያሉትም መጥተው ገዙ። እኔ ጮቤ እየረገጥኩ ነበር። ጎረቤቱ ሲበተን እማማን አየኋት፤ የተቀባው ክፍል በር ላይ ቆማለች። እሷ የጠበቀችው አባባን እንጂ ዓሣ እንዳልነበረ ያኔ ነው የገባኝ።

"በይ እንግዲህ፣ ተመልሼ መሄዴ ነው" አሏት አባባ።

"ይሂዱ። እኔን ግን አንድ ቀን ነይ ብለውኝ ያውቃሉ?"

"ውኃ ትፈሪያለሽ ብዬ እኮ ነው" አሉ አባባ።

"ማን ነገረዎት?"

ለፋሲካ አብረውን ቆዩና አብረው ሄዱ። እማማ አውቶቡስ የገባችው በርጩማውን ታቅፋ ነው። የተቀባው ክፍል ለእኔ ሬዲዮዎች ሆነ። ክረምት ሳይገባ ልጠይቃቸው ስወርድ ሐይቁ ላይ አገኘኋቸው። እማማ ታንኳው መሃል፣ ቀዳዳው አጠገብ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች፤ መሣሪያው ጉልበቷ ላይ ነው። ጥልቀቱን በክንድ ትጠራላቸዋለች፤ አባባም በጠራችላቸው ልክ መረባቸውን ይለቃሉ።