የዘመመውን ምሰሶ ያልሰማ አልነበረም

ሁሩታ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ተሰባስበው የገጠር መብራት ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ዘርፉ የአባላት አገልግሎት ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። ባሏ ከሞተ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። መብራት የጠፋበት፣ ቆጣሪው የተቃጠለበት፣ ሽቦ የተበጠሰበት ሁሉ ለእርሷ ይደውላል፤ እርሷ ሰምታ ለጥገና ሠራተኞቹ ትነግራለች። አማርኛ ለሚናገር በአማርኛ፣ ኦሮምኛ ለሚናገር በኦሮምኛ ትመልሳለች። የሚሳደብም አይጠፋም። መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፤ ወፍጮው ሲቆም እህል ተሸክመው የመጡ ሴቶች እንደመጡ ይመለሳሉ፤ ስድቡ ደግሞ ስልክ ባነሣችው ላይ ያርፋል። እሱን ችላው ኖራለች። ሰው የሚቆጣው የራሱ በሆነ ነገር ነው እያለች ታልፈዋለች።

ያልቻለችው የኦቦ ሰንበታን ነገር ነው።

ኦቦ ሰንበታ ማኅበሩ ሲጀመር ለምሰሶ የሚሆን ባሕር ዛፍ ከገዛ ጓሯቸው ቆርጠው የሰጡ ሽማግሌ ናቸው። ከምሰሶዎቹ አንዱ ማሳቸው ዳር ቆሞ ነበር። ሥሩን ምስጥ በላውና ክረምቱ ገብቶ አፈሩ ሲላላ ወደ እርሻው ዘመመ። ሽቦውም ረግቦ ወረደ።

«አካም ቡልቴ፣ ዘርፉ?» እንዴት አደርሽ ይሏታል በስልክ። «ያ እንጨት ዛሬ ደግሞ ጎንበስ ብሏል። ሰው ሳይበላ ኑና አንሡልኝ።»

«እሺ አባባ፣ አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ።»

ትነግራለችም። የጥገናው ኃላፊ ምልኬሳ ግን አንገቱን ይደፋል። ሥራ አስኪያጁ ሰይፈሚካኤል የማኅበሩን መኪናና ሠራተኞቹን አዳማ ወስዶ፣ ወንድሙ ለሚያሠራው ፔንሲዮን መብራት ያስዘረጋ ነበር። ሳምንታት እንዲሁ አለፉ። ኦቦ ሰንበታ መደወላቸውን አልተዉም፤ ዘርፉም ‹ነገ ይመጣሉ› ማለቷን።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ብቅ ሲል ጠብቃ ገባች።

«አቶ ሰይፈሚካኤል፣ የኦቦ ሰንበታ ምሰሶ ሊወድቅ ነው። ሰው ይላኩልኝ።»

«ነገ ይመጣሉ በያቸው» አላት ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ። በዕድሜ ብትበልጠውም አንቺ ነበር የሚላት።

«ትናንትም ነገ ብያቸዋለሁ።»

«እንግዲያማ ለምደውታል» ብሎ ሳቀ።

«ቢያንስ መስመሩ ይጥፋ።»

«ወፍጮው ሲቆም ጩኸቱን አንቺ ትችይዋለሽ? ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። ከዚያ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ምን ታድርግ? ምሰሶውን ራሷ ሄዳ አትደግፈው።

ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነፋስ ነበር። የኦቦ ሰንበታ ልጅ ቶሌራ በሬዎቹን ጠምዶ እያረሰ ሳለ ምሰሶው ከሥሩ ተነቅሎ ወደቀ፤ ሽቦው በሬዎቹ ጫንቃ ላይ አረፈ። ሁለቱም እንደተጠመዱ ተዘረሩ። ቶሌራ ሊያላቅቃቸው እጁን ሲዘረጋ ኤሌክትሪኩ መትቶ ወረወረው።

ስልኩ ጮኸ። ጎረቤቱ ሱሩር ነበር። «አጥፉ! መብራቱን አጥፉ! ሰው አለቀ!»

ዘርፉ ስልኩን ጥላ እየጮኸች ወደ ግቢው ሮጠች። ጩኸቷን የሰማው ምልኬሳ ማጥፊያውን አወረደው። ከዚያ በባጃጅ አብረው ሄዱ። ሲደርሱ ቶሌራን ወደ ጤና ጣቢያ ወስደውታል። ኦቦ ሰንበታ ከወደቁት በሬዎች አጠገብ፣ እርጥብ አፈር ላይ ተቀምጠዋል።

«ነግሬሽ ነበር አይደል?» አሏት በቀስታ።

«ነግረውኛል፣ አባባ።»

ከዚያ ቀንበሩን መፍታት ጀመሩ። ቢሰድቧት፣ ቢረግሟት በወደደች። ያ የቀስታ ድምፃቸው ልቧን አነደደው።

ከሰዓት በኋላ ሰይፈሚካኤል ከአዳማ እየከነፈ መጣና ለብቻዋ ጠራት።

«አባላቱ ጉባኤ ይጠራሉ፤ ይጠይቁሻል። ከዛሬ በፊት የደረሰን አቤቱታ የለም ትያለሽ።»

«አልሰማንም ልበል?»

«ማኅበሩን ለማትረፍ ነው። ያንቺም እንጀራ ነው።»

ደሟ ፈላ። «ስንት ዓመት ስድብ የቻልኩት ለእርስዎ መሸፈኛ ልሆን አይደለም! ሽማግሌው ለመኑን እኮ! እኔ ለመንኩዎት! አንድ ምሰሶ ማቆም አቅቶን ነው? መኪናው የት ነበር?»

«የቢሮውን ቁልፍ አስረክቢ» አላት። ጠረጴዛው ላይ ወርውራለት ወጣች።

ጉባኤው ወፍጮ ቤቱ ግቢ ውስጥ ተጠራ። ሰዉ ከየቀበሌው መጥቶ ግቢው ሞላ። ሰይፈሚካኤል ተነሥቶ በሐዘን ድምፅ ተናገረ፤ የተፈጥሮ አደጋ ነው፣ ነፋስን ማን ይከለክላል፣ አስቀድሞ የደረሰን ጥቆማ የለም አለ። ኦቦ ሰንበታ ከፊት ተቀምጠው በትራቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ዘርፉ ከኋላ ተነሣች።

«ሠራተኛ በጉባኤ አይናገርም» አላት ሰይፈሚካኤል።

«ከሥራ አባረውኝ የለ? ቤቴ ቆጣሪ አለኝ፤ አሁን አባል ብቻ ነኝ።» ወደ ሰዉ ዞረች። «ጥቆማው ደርሶናል። እኔ ሰምቻለሁ፣ ምልኬሳ ሰምቷል፣ እኚህ ሥራ አስኪያጅም ሰምተዋል። ኦቦ ሰንበታ ነገ እየተባሉ መታለላቸውን ‹ለምደውታል› ብለው ስቀዋል። እንደዚህ ብለው ሳቁ፤ በጆሮዬ ሰማሁ!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምልኬሳን አስነሡት። «ልጄ፣ እውነቱን ተናገር። መኪናዋና ሠራተኞቹ የት ነበሩ?»

ምልኬሳ መሬት መሬት አየ። «አዳማ» አለ። «የሳቸው ወንድም ቤት።»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ መለየት አልተቻለም። ሴቶቹ ከወንዶቹ በላይ ጮሁ። ሽማግሌዎቹ ባይገላግሉ ሰይፈሚካኤል በደህና አይወጣም ነበር። በዚያው ቀን በድምፅ ከኃላፊነቱ አነሡት፤ ዘርፉን ደግሞ ወደ ሥራዋ መለሷት። ጎረቤቶች በሬዎቻቸውን ይዘው ወጥተው የኦቦ ሰንበታን ማሳ በደቦ አረሱላቸው። ምሰሶዎቹም አንድ በአንድ ታዩ፤ ግርጌያቸው በምስጥ የተበላው ብዙ ሆኖ ተገኘ። የሚያሳፍረው ይኸው ነው፤ ሲፈለግ ሥራው በአንድ ሳምንት አለቀ።

ሰዉ ተረጋጋ። ዘርፉ ግን አልበረደላትም። የቶሌራ ቀኝ እጅ አይጨብጥም፤ እርፍ መያዝ አይችልም። ከወራት በኋላ እህቷን ልትጠይቅ አዳማ ሄዳ፣ መናኸሪያው በር ላይ ሰይፈሚካኤልን አገኘችው። ደህና ለብሷል፤ ሌላ ቦታ ሥራ ማግኘቱን ሰምታለች። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋላት።

«ዘርፉ! ደህና ነሽ? ሁሩታ እንዴት ነው?»

የተዘረጋውን እጅ አየችው። አልጨበጠችውም።

«ቶሌራ አልዳነም» አለች፣ ወያላዎቹ እስኪዞሩ ድረስ ጮክ ብላ። «እጁ አልዳነም! ሄደህ እየው!»

ሰይፈሚካኤል ግራ ቀኝ አየና አጠገቡ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ገባ።