ሦስተኛዋ ቁና ጌሾ

ጌሾ ሲወቀጥ ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ጉሮሮ ይከረክራል፤ እጅ ቢታጠብም ሽታው እስከ ማግሥቱ አይለቅም። ባለፈው ሳምንት ለበዓል ጠላ ልጠምቅ እጄ በዚያው ብናኝ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ፣ ልጄ ስልኳን አወጣችና ሂሳብ መታች። ጋናችን ስለተሰነጠቀ በፕላስቲክ በርሜል ልንጠምቅ ነበር። «እማ፣ በርሜሉ የጋኑን ሦስት እጥፍ ይይዛል፤ ጌሾውም ሦስት እጥፍ ይሁን» አለች። ልጅቷ ምን አጠፋች? እኔ ግን ጮኽሁባት። ደንግጣ አየችኝ። ለምን እንደጮኽሁ ለእሷ አልነገርኋትም፤ ላንቺ ልንገርሽ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሞቶ ተዝካሩ ደርሷል። መካነ ኢየሱስ ከተማ ቤት ተከራይቼ እማር ነበርና ለተዝካሩ ወደ ቤት መጣሁ። በሂሳብ ከክፍሌ የሚደርስብኝ የለም፤ አቤት ኩራቴ! እናቴ ጠላውን እንዲጠምቁላት ባልንጀራዋን ጠራች። በእኛ አገር ሠርግም ሆነ ተዝካር ያለ እኒያ ሴት አይደገስም ነበር። ባል የላቸው፣ መሬት የላቸው፤ እንጀራቸውም ክብራቸውም ያ እጃቸው ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሁሉን የሚለኩት በመዳፋቸውና በምላሳቸው ነበር።

የቤታችን ጋን አንድ ቁና ጌሾ ይበቃዋል። ለተዝካሩ ግን ከጎረቤት የሦስት ጋን ያህል የሚይዝ ትልቅ ጋን ተዋስን፤ እናቴም አርብ ገበያ ወርዳ ሦስት ቁና ጌሾ ገዛች። ጋኑ በወይራ ታጠነ። ሴትዮዋ ሁለቱን ቁና ከውሃ ጋር ጠነሰሱና ሦስተኛዋን በጨርቅ ቋጥረው ከበሩ ኋላ፣ ከነጠላቸው ጎን አስቀመጡ።

«እትየ፣ ጌሾው ጎደለ እኮ! ለአንድ ጋን አንድ ከሆነ ለሦስቱ ሦስት ነው» አልኋቸው።

ሳቁብኝ። «ትልቅ ጋን ሆዱ ይሞቃል የኔ ልጅ፤ ጌሾው ይበረታበታል። ጋኑ ባደገ ልክ ጌሾው አያድግም።»

ወይ ብልጠት! አልሁ በልቤ። ከሐዘን ቤት ጌሾ ሊወስዱ ነው ብዬ ደመደምሁ። በማግሥቱ እሳቸውና እናቴ ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ ቋጠሮውን ፈትቼ ጋኑ ውስጥ ገለበጥሁት። በእንጨት አማሰልሁት፤ አረፋው ኩፍ አለ፣ ሽታው ዓይኔን አስነባኝ። ጨርቁን አጣጥፌ ቦታው መለስሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የአባቴን ንብረት ከሌባ ያስጣልሁ ጀግና መስሎኝ ነበር። እናቴ ጌሾውን እሳቸው ወሰዱት ብላ፣ እሳቸው ደግሞ እናቴ አነሣችው ብለው፣ ማንም ማንን ሳይጠይቅ ቀረ።

የተዝካሩ ዕለት ሴትዮዋ ጠዋት ጠላውን ቀመሱ፤ መረራቸው። ውኃ ጨመሩበት፤ እህሉ ሳሳ እንጂ ምሬቱ አልተበገረም። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ። ቤተ ልሔም ከሚባለው የድጓ ትምህርት ቤት ያስመሰከሩት መሪጌታ ሽክናውን ተቀበሉ፣ ባረኩ፣ አንድ ጊዜ ተጎነጩ፤ ፊታቸው ተጨማደደ። «ይህስ ኮሶ ነው» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ዳሱ ግን በሳቅ ተሞላ።

እናቴ ጓዳ ገብታ ሴትዮዋ ላይ አፈጠጠች። «የባሌን ተዝካር እንዲህ ታዋርጂብኝ? ምን አድርጌሽ ነው?»

አልተከራከሩም። መዳፋቸውን አገላብጠው አዩትና «እንጃ እህቴ፣ እጄ ሳተ» አሉ።

እኔ ማሰሮ ይዤ እዚያው ቆሜያለሁ። «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አፌ ተሳሰረ። አፌ ተሳሰረ እላለሁ እንጂ ውሸቴን ነው፤ ፈራሁ።

ከዚያ ወዲያ ስማቸው «ኮሶ ጠማቂዋ» ሆኖ ቀረ። ለሠርጉም ለክርስትናውም ሌላ ሰው ይጠራ ጀመር። የሰው ጥጥ እየፈተሉ፣ የሰው እህል እያበጠሩ ኖሩ። እናቴም ደጃቸውን ሳትረግጥ፣ እውነቱንም ሳትሰማ ሞተች። እኔ ሥራ ያዝሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ፤ በየዓመቱ ዘንድሮስ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ይኸው ሃምሳ ሊሞላኝ ነው። አያሳፍርም?

ልጄ ላይ በጮኽሁ በሦስተኛው ቀን ወደ አገር ቤት ወደ እትየ ተሳፍሬ ሄድሁ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። መሬት መሬት እያየሁ ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ያችን ሦስተኛዋን ቁና?» አሉ።

«አዎ እትየ።»

«ሙሉዋን?»

«ሙሉዋን።»

እንዲረግሙኝ ነበር የጠበቅሁ። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ! እጄ አልሳተም ነበር እንዴ! እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ ለራሴ እንኳ ጠምቄ አላውቅም፤ እጄን ፈርቼው።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙና ምርኩዛቸውን አነሡ። «ተነሽ፣ ደግፊኝ። እንሂድና ለመሪጌታ እንንገራቸው።»

«እትየ፣ መሪጌታ እኮ ዐረፉ።»

«ኧረ እውነትሽን ነው፤ ረስቼው። ለእናትሽማ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። በዚያ ቀን ዳሱ ውስጥ የነበሩትን አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ እኔም የሞተውን ሞተ፣ አገር ለቆ የሄደውን ሄደ እያልሁ መለስሁላቸው። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ታዲያ ለማን ልንገር?» አሉኝ።