የድመቷ ካሳ

በእኔ ቤት ስጋ ሲቆረጥ የድመቷም ድርሻ አብሮ ይቆረጣል። ትርፍራፊ አይደለም፣ ድርሻ ነው። ቡናውንና በቆሎውን ከአይጥ የምትጠብቅልን እሷ ሆና እንዴት አጥንት ይወረወርላታል?

ድመቷን ያመጣቻት የልጅ ልጄ ናት። ልጄ ስትሞትብኝ የተወችልኝን ሕፃን ያሳደግኩት እዚሁ ዲላ፣ ከወናጎ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ቤቴ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዓይኗ በወጉ ያልተገለጠ የድመት ግልገል በሹራቧ ጠቅልላ መጣች። በጥጥ ወተት እያጠባች አሳደገቻት። ልጅቷ ወባ ይዟት ስትንቀጠቀጥ ከእግሯ ላይ አልነሳም ያለችው ያቺ ድመት ናት። ለእኔ ተናግራ የማታውቀውን፣ እናቷን እንዴት እንደምትናፍቅ፣ ለድመቷ ስትነግራት ከእንሰቱ ጀርባ ቆሜ ሰምቻለሁ።

አድጋ ገደብ ከተማ ሥራ አገኘች። መናኸሪያ ስሸኛት፣ "አያቴ፣ ድመቴን አደራ" አለችኝ።

"እኔንስ ለማን አደራ አልሽ?"

"ለእሷ።"

ከዚያ በኋላ ሁለታችን ቀረን፣ እኔና ድመቷ።

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ሳትነግረኝ ጎተራዋ ሥር የአይጥ መርዝ አስቀመጠች። ድመቷ የተመረዘ አይጥ በልታ እንሰቱ ሥር ወድቃ አገኘኋት። ወተት ባፏ ላፈስ ብል ጥርሷን ገጠመችብኝ። እጄ ላይ ሞተች።

"እማማ፣ ድመት እኮ ናት" አለችኝ ጎረቤቴ።

"ላም ናት አልኩሽ? መርዝ ማስቀመጥሽን ብትነግሪኝ ቤት ዘግቼባት እውል ነበር።"

ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ከሰስኳት። አንዱ፣ "ዛሬ ለድመት ከተቀመጥን ነገ ዶሮዎቹ ተሰልፈው ይመጡብናል" ብሎ አሳቃቸው። ሳቁ እስኪያልቅ ቆምኩ።

"ጨረሳችሁ? እንግዲህ ፍረዱ።"

ፈረዱልኝ። መንገር ነበረባት፣ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ድመትም ትተካ አሉ። ጉልበቴን ይዛ ይቅርታ ጠየቀችኝ። መልኳ እንኳ እንዲመሳሰል ብላ ቡሌ ድረስ ወጥታ ግልገል አመጣችልኝ። ያጎደለችው ነገር የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ለእውነት ስከራከር ኖሬ፣ ትክክለኛ ፍርድ ባገኘሁ ቁጥር ሆዴ ይረጋ ነበር። አሁን የምከሰው ሰው አልቋል፣ ሆዴ ግን እንደነደደ ነው።

ለልጅ ልጄ ደውዬ ነገርኳት። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

"ፈረዱልሽ?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ፈረዱልኝ።"

"እና?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"አያቴ፣ የእማዬን ነገር የማወራው ለእሷ ነበር።"

"ለእኔ አውሪኝ።"

"አንቺማ ታለቅሻለሽ" አለች። እውነቷን ነው። ያን ጊዜም እያለቀስኩ ነበር።

ትናንት ስጋ ቆረጥኩ። ለግልገሏም ድርሻዋን ቆረጥኩላት፤ እሷ ምን አጠፋች? በልታ ስትጨርስ መጥታ እግሬ ላይ ልትተኛ አለች።

እግሬን ሰበሰብኩ።